የሁለት ቤት ቆጣሪ

ከጊንጪ የወጣሁ ዕለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ የአዲስ አበባው መኪና ደጅ ቆሞ ክላክሱን ሲያስጮህ እኔ ባትሪ ይዤ የመብራት ቆጣሪ እያነበብኩ ነበር። መጀመሪያ የወፍጮውን፣ ቀጥሎ የቤቱን። ባለቤቴ ወርቄ ነጠላዋን ተከናንባ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የሚሄድ ሰው ሰው ይስማል፤ አንተ ከቆጣሪ ጋር ትሰነባበታለህ?» አለችኝ። ሸኚው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ታገሱኝ። ቁጥር ግን አይጠፋብኝም። ሠላሳ ዓመት እህል ስፈጭ አንድ ኩንታል ስንዴ ስንት እንደሚበላ፣ በቆሎው ስንት እንደሚበላ የለየሁት ከቆጣሪው ነው። ሂሳቡ ሳይመጣ በፊት ስንት እንደሚመጣ ስለምናገር፣ ዳቦ ቤቱም ሻይ ቤቱም «ኦቦ ተሰማ፣ እስቲ የኛንም ገምትልን» ይሉኝ ነበር።

የዱቄቱ ብናኝ ደረቴን ስለያዘኝ ልጄ ጫልቱ ለሕክምና ብላ ጀርመን ወሰደችኝ። ለወርቄ ቪዛ አልሰጡም። ወፍጮውን ወንድሜ ቶሎሳ ያዘው።

የኛ ብርድ ጠዋት ይቆነጥጥና ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፤ የዚህኛው ግን ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ደረጃ ላይ ያገኘህ ሰው «ሃሎ» ብሎ ያልፋል። «አካም ቡልተ? እንዴት አደርክ? ልጆቹስ? ከብቶቹስ?» የሚል የለም። ጫልቱ የተከራየችው ጣሪያ ሥር ያለ ሁለት ክፍል ነው። ማሞቂያው የሚሠራው በሽትሮም ነው፤ ኤሌክትሪክን እንደዚያ ነው የሚሉት።

በገባሁ በአራተኛው ወር አከራያችን፣ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ፣ ወረቀት ይዞ መጣ። ቤት የሚውል ሰው ስለተጨመረ የሽትሮሙ ክፍያ እጥፍ ይሆናል ይላል። የጫልቱ ፊት ጠቆረ። የምትሠራው ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ነው፤ ሌላውን ቀን ሁሉ ትገባለች፣ አሁን ቅዳሜና እሁድንም ልጨምር አለች። ልጄ በኔ ምክንያት እሁዷን ካጣች እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ይህ ክፍያ ከጸና ወደ አገሬ እመለሳለሁ ብዬ በልቤ ቆረጥኩ። ግን ዝም ብዬ አልሄድም።

«ማን አነበበው?» አልኩት በጫልቱ በኩል።

«የሚነበበው በዓመት አንዴ ነው። ይሄ ግምት ነው።»

«በምን ገመትከው?»

«በሰው ብዛት።»

«እኔ እኮ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን የምተኛ ሰው ነኝ። ግማሽ አድርገህ ቁጠረኝ!»

ጫልቱ ይህን ሁሉ በሦስት ቃል ነገረችው። «ምን አልሽው?» ብላት «አባቴ አመሰግናለሁ ይላል አልኩት» አለች።

«አስተካክለሽ ንገሪው!»

ነገረችው። ሽማግሌው ሳቀና «እሺ፣ ራሱ ያንብብ» ብሎ የኬለሩን ቁልፍ ሰጠኝ። ኬለር ከምድር በታች ያለው ክፍል ነው፤ ቆጣሪው እዚያ ነው ያለው።

አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጫልቱ ስትወጣ፣ ማታም ስትገባ፣ ጉልበቴን ይዤ ደረጃውን እየወረድኩ አነበብኩ። የሳምንቱን ድምር ለሰባት አካፍዬ፣ በሠላሳ አባዝቼ፣ ወረቀቱ ላይ ባለው የአንድ ኪሎዋት ዋጋ አባዛሁት። የሰውዬውን ግምት ሲሶ እንኳን አይሞላም! በኩራት ለጫልቱ ዘረጋሁላት።

ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን የቀኑ ቁጥር ላይ አሳረፈች።

«አባባ፣ እኔ በሌለሁበት አሥር ሰዓት ሙሉ ግማሽ ኪሎዋት እንኳን አልቆጠረም።»

«አየሽ?»

«ይሄ ፍሪጁ ብቻውን የበላው ነው። አንተ የት ነበርክ?»

ወረቀቱን ልወስድባት እጄን ዘረጋሁ።

«ማሞቂያውን አጥፍተህ ነው የምትውለው? በዚያ ደረትህ?»

ጋቢ አለኝ አልኳት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተቆጣች። አከራዩን አጋልጥበታለሁ ያልኩት ቁጥር እኔኑ አጋለጠኝ።

በማግሥቱ ማሞቂያውን ራሷ አብርታው ሄደች፤ ሌላ ሳምንት አነበብኩ። እውነተኛው ቁጥር ከሰውዬው ግምት ያን ያህል አላነሰም። ቢሆንም ወረቀቴን አገላብጦ አይቶ ከጭማሪው ላይ ጥቂት ቀነሰልን። ጫልቱ ቅዳሜን ትሠራለች፤ እሁዷ ግን ተረፈላት። እኔም የመሄዱን ነገር ለጊዜው ተውኩት።

ለወርቄ በየቅዳሜው እደውላለሁ። ሁለቱንም ቆጣሪ ታነብልኛለች፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እጽፈዋለሁ። የማሰላው ግን የወፍጮውን ብቻ ነበር። ከሱ ገበያው ሞልቶ እንደዋለ፣ አዲሱ ስንዴ እንደገባ አውቃለሁ፤ እዚሁ ተቀምጬ ድምፁ የሚሰማኝ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቅዳሜ ማታ ግን ዓይኔ የቤቱ ቁጥር ላይ ቀረ። ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። እኔ እያለሁ በሳምንት አሥራ ሁለት የሚቆጥር ቤት፣ በዚህ ሳምንት አንድ። ባለፈውም አንድ። ከዚያ በፊት በነበረውም አንድ።

«ወርቄ፣ ምድጃውን አትሰኪም?»

«ለማን ብዬ?»

«ታዲያ ምን ትበያለሽ?»

«የተገኘውን። አንተ ሰውዬ፣ ቆጣሪ ውስጥ ገብተህ ነው እንዴ የምታየኝ?»

«ለሚመጣው ቅዳሜ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ላግኘው።»

«ከፍ ባይልስ?» አለች። «ምን ታደርጋለህ? ትመጣለህ?»

ማሞቂያው ቀጭ ብሎ በራ። ወጥ ቤት ሳህን ታጥብ የነበረችው ጫልቱ ውሃውን ዘጋችው። ወርቄም መልሴን እየጠበቀች ነው፤ ስትተነፍስ ይሰማኛል።