ለባዝራዋ የተነገሩ ተረቶች

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከፈረስ ተርፎ ነበር። ሌላው ልጅ አያቱ ጉልበት ሥር ቁጭ ብሎ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ ሲያድግ፣ እኔ ከአንዲት ዳማ ባዝራ አጠገብ፣ የድርቆሽ እስር ላይ ተቀምጬ፣ ለእሷ ወደሚነገረው ጆሮዬን ጥዬ ነው ያደግሁት። ዛሬ ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ያኔ ግን ጨርሶ አያስቀኝም ነበር።

ቤታችን አስመራ፣ ቪላጆ ጀኒዮ፣ ጣልያኖች በሠሯቸው ባለ አትክልት ቤቶች መካከል ነበር። አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የጦር መኮንን፣ እናቴ የከተማዋ ተወላጅ ነበሩ። የእናቴ አባት አብረውን ይኖሩ ስለነበር እንደ አገሩ አጠራር አቦሓጎ እንላቸዋለን። አቦሓጎ በጣልያን ጊዜ በፈረሰኛ ጦር ውስጥ አገልግለዋል፤ ከዚያ የተረፋቸው አንድ የሚያነክስ እግርና ስለ ፈረስ የማያልቅ ወሬ ነው። አማርኛን የለመዱት በስተርጅና፣ ከአባቴ ጋር ለመጨዋወት ብለው ስለሆነ፣ የጎደላቸውን ሁሉ በትግርኛ ይሞሉታል። የመጨረሻ ልጃቸው አክስቴ ለተብርሃን እዳጋ ሓሙስ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ከሥራ ስትወጣ ነጭ ጋውኗን አውልቃ ሱሪ ትለብስና ፈረስ ልትጋልብ ትሄዳለች። ያኔ ሱሪ ለብሳ ፈረስ የምትወጣ ሴት ብርቅ ስለነበረች መንገደኛው ዞሮ ሲያያት አንገቱ ሊቀጭ ይደርስ ነበር።

ባዝራዋ የአክስቴ አልነበረችም። የጎረቤታችን የሲኞር ብሩኖ ነበረች፤ ሲኞር ብሩኖ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ትግርኛ አሳምረው የሚናገሩ ሽማግሌ ጣልያን ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዓዲ ጓዕዳድ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጋጥና የታጠረ ሜዳ ነበራቸው። ሉና ያሏትን ይህችን ባዝራ ከእሽቅድድም ሰዎች ሲወስዷት ታፋዋ ላይ የአለንጋ ሰንበር ነበረባት፣ ልጓም ስታይም ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። አክስቴ ገና እንዳየቻት ወደደቻት። እኔ ግን አልወደድኳትም፤ ምክንያቱም ሩቅ አይደለም።

የገረፋት ሰው ከኋላዋ ድምፁን አጥፍቶ ይመጣባት ነበር አሉ። ስለዚህ አቦሓጎ «የት እንዳለሁ ትወቅ» ብለው ማታ ማታ ከጋጡ ደጃፍ ተቀምጠው ያወሩላት ጀመር። ሰው ግን ለፈረስ እስከ መቼ ያወራል? የዝናቡም፣ የገብሱም፣ የጎረቤቱም ወሬ ሲያልቅባቸው ወደ ተረት ገቡ። የአስመራ ብርድ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አጥንት ድረስ ይገባል፤ አቦሓጎ ድርቆሹን እሳት እንዳይነካው ራቅ አድርገው፣ ፈርኔሎ የምንለውን የከሰል ምድጃ ያቀጣጥላሉ፣ ፋኖሱን ምሰሶ ላይ ይሰቅላሉ፣ ጋቢያቸውን ይከናነባሉ። የፍሙ ቅላት ከታች፣ የፋኖሱ ብርሃን ከላይ፣ በመሃል የከሰል ጭስና የፈረስ ላብ የተቀላቀለበት ሽታ፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ያ የደከመ ድምፅ ቀስ እያለ ይመጣል፤ የሉናም ጆሮ አንዱ ወደ እሳቸው ይዞራል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ አንገቷ ዝቅ ይላል።

አህያ ለውርንጭላዋ ክርስትና አባት አጥታ፣ ጅብ «እኔ አለሁ» ብሎ ነጠላ ለብሶ የመጣበትን ተረት የሰማሁት እዚያ ነው። ነገር ግን በአቦሓጎ ተረት ውስጥ ጅብ ማንንም በልቶ አያውቅም። ሊበላ አፉን ሲከፍት ያዛጋል፣ አለዚያም እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ባዝራዋ ትደነግጣለች ተብሎ። «አቦሓጎ፣ ውርንጭላውን በላው ወይ?» ብዬ ስጠይቅ፣ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ ሳያነሱ «ቆዪ ጓለይ፣ ገና አልተረጋጋችም» ይሉኛል። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ መጠሪያው የእኔ ቢሆንም ጨዋታው የእሷ ነበር። አንድ ጊዜ ለእናቴ «አቦሓጎ ከእኔ ይልቅ ፈረሷን ይወዳሉ» ብላት፣ «አንቺ አልተገረፍሽም» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ አላጽናናኝም እንጂ።

አክስቴ ለፍጥነት አትጋልብም። የምትወደው ጣልያኖቹ በታጠረው ሜዳ ውስጥ የሚያስተምሩትን የሥርዓት ግልቢያ ነው፤ ፈረስ ለቀቅ ብሎ ይራመዳል፣ ሶምሶማ ይሄዳል፣ ክብ ይሠራል፣ በተባለው ቦታ አራት እግሩን አስተካክሎ ቀጥ ይላል፤ ጋላቢው ምን ብሎ እንዳዘዘው ግን ተመልካች ማወቅ የለበትም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለፍቅሩ ብቻ የሚጋልቡ ሰዎች፣ ጣልያኑም ሐበሻውም መኮንኑም፣ በዚሁ ይወዳደራሉ። ሉና መጀመሪያ ላይ ወደ አጥሩ ጥግ እየሸሸች አስቸገረች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አቦሓጎ በዱላቸው ተደግፈው ከአጥሩ ውጪ አብረው እየተራመዱ ተረታቸውን ቢጀምሩ፣ ባዝራዋ በድምፃቸው ልክ መሄድ ጀመረች። «ከዚያማ» ሲሉ ትነሳለች፤ ነገሩ ሲጣፍጥ ሶምሶማ ትመታለች፤ ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ትቆማለች። አክስቴ ኮርቻው ላይ ሆና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ልምምዳቸው ሁሉ እንዲሁ ሆነ፤ ይህ ስሕተት ይሆናል ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ተረት በሞላበት ቤት ተረት ያበላሻል ብሎ ማን ያስባል?

ሲኞር ብሩኖ ታመው ከርመው ሊያዩን የመጡ ቀን፣ አጥሩ ላይ ተደግፈው እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። አጨበጨቡም። ከዚያ በትግርኛቸው ቀስ ብለው፣ «ለተብርሃን፣ በውድድሩ ቀን አባትሽን የት ልታስቀምጪያቸው ነው?» አሏት። በውድድሩ ሕግ ጋላቢው ድምፅ ካወጣ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ከአጥሩ ውጪ ሆኖ በድምፅ የሚያግዝ ሰው ከተገኘ ደግሞ ፈረሱም ጋላቢውም ከሜዳ ይወጣሉ። ሌላም ነገር ነገሩን። ሐኪም ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ስለመከራቸው የገና በዓል ሳይደርስ ከምጽዋ በመርከብ ይሄዳሉ፤ ሉናን ያ የድሮ የእሽቅድድም ባለቤቷ መልሶ ጠይቋቸዋል። «ለእሱ መስጠት ልቤ አይፈቅድም» አሉ። «ግን ዝምታ የምትፈራ ፈረስ አንድ ቀን ትጥልሻለች፣ ኃጢአቱም የእኔ ይሆናል። ውድድሩን በሥርዓት ትጨርስ። ከጨረሰች ያንቺ ናት።»

በአውቶቡስ ተመለስን። ከወረድን በኋላ አቦሓጎ፣ «እኔ ነኝ ያበላሸኋት» አሉ።

«አቦይ፣ እርስዎ ባይኖሩ ልጓም መች ታስነካ ነበር?» አለች አክስቴ።

«እወ፣ እውነትሽን ነው» አሉ፤ ትንሽ ከሄድን በኋላም፣ «ወሬውን ያስለመድኳት እኔ ነኝ። ዝምታውንም እኔው አስለምዳታለሁ» አሉ።

መጀመሪያ ቤት መቅረት ሞከሩ፤ ሉና ድርቆሿን ትታ በሩን በሩን ስታይ አመሸች ተባለ። ስለዚህ እየመጡ፣ ነገር ግን እየቀነሱ ሄዱ። አንድ ሰሞን ተረቱን በሹክሹክታ ተናገሩ፤ ቀጥሎ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ በመጨረሻ እሱም ቀረ። እንደ ወትሮው ፍሙ ይቀላል፣ ፋኖሱ ይሰቀላል፣ አቦሓጎ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ባዝራዋ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች፣ መሬቱን በኮቴዋ ትመታለች፤ እሳቸውም ተነስተው እጃቸውን አንገቷ ላይ ያሳርፋሉ እንጂ ቃል አይወጣቸውም። አክስቴም ሜዳው ላይ በእግሯና በትንፋሿ ብቻ መምራት ተማረች። እኔ ደግሞ ተራብኩ። ሌላ ቃል የለኝም፤ የጅቡ ማዛጋት እንኳ ናፈቀኝ። አባቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ያኔ በከተማውም ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መነጋገር ጀምረው ነበር፤ ሬዲዮ ሲከፈት እናቴ ተነስታ መስኮት ትዘጋለች፣ ጎረቤቱም የጀመረውን ወሬ አባቴ ሲገባ ያቋርጣል። ዛሬ ላይ ሆኜ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ያኔ ግን የከተማው ዝምታ ሁሉ በዚያች ባዝራ የተነሳ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ውድድሩ ከመስቀል በኋላ በዋለ እሑድ ሆነ። አጥሩ ኖራ ተቀብቷል፣ ዳኞቹ በሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፣ ከኋላቸው የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ባርኔጣ ያደረጉ የጣልያን ሴቶችና ነጠላ የለበሱ የእኛ እናቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አክስቴ ገብታ፣ መሃል ላይ ቆማ፣ ለዳኞቹ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችና ጀመረች። እርምጃው አማረ፣ ሶምሶማውም አማረ። ሁለተኛውን ክብ ስትጀምር ነፋስ የዳኞቹን ሸራ አንስቶ ጧ አደረገው፤ ሉና ባለችበት ደረቀች። ታፋዋ ሲንቀጠቀጥ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። ጆሮዎቿ ወዲያና ወዲህ ዞሩ፤ ማንን እንደሚፈልጉ አወቅሁ። አቦሓጎ ጎኔ ነበሩ። አፋቸው ተከፈተ። «ከዚያማ» ቢሉ ባዝራዋ ትነሳለች፤ አክስቴም ከሜዳ ትወጣለች። የጋቢያቸውን ጫፍ ጨብጠው አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱት፤ በሌላው እጃቸው የያዙትን እጄን እስኪያመኝ ጨመቁት። አክስቴ የልጓሙን ዛብ ትንሽ ለቀቅ አደረገች፣ ትከሻዋ በረጅም ትንፋሽ ወጣና ወረደ። ሉና ቆየች፤ ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እሷም ተነፈሰች፤ ሶምሶማዋንም ካቆመችበት ቀጠለች።

ሽልማት አላገኙም፤ በመቆሟ ነጥብ ተቀንሶባቸዋል። ግን ጨረሱ። ሲኞር ብሩኖ እያዘገሙ ሄደው ዛቡን ከአክስቴ እጅ ተቀበሉና መልሰው እጇ ላይ አስቀመጡት። አክስቴ የባዝራዋን አንገት አቅፋ አለቀሰች። አቦሓጎ «የቐንየለይ» ብለው ሽማግሌውን አመሰገኑ፤ ከንፈራቸው ላይ የጋቢ ክር ቀርቶ ነበር።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ከሁሉ ቀድሜ ድርቆሹ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከእንግዲህ ወዲያ ዝም የሚያሰኝ ነገር የለማ። አቦሓጎ ፍሙን አራገቡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ተረታቸውንም ጀመሩ። ሉና ድርቆሿን ታኝካለች። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ እሷ ታኝካለች። ጆሮዋ አልዞረም፣ አንገቷም አልተንቀሳቀሰም፤ እሳቸው ቢናገሩም ዝም ቢሉም ለእሷ አንድ ሆኖ ነበር። አቦሓጎ ከተረቱ መሃል ላይ አቆሙ። ያን ሁሉ ጊዜ የደከሙት ለዚሁ ነበርና ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ ፊታቸውን ግን እንደዚያን ማታ አርጅቶ አይቼው አላውቅም።

«ሓውያ» አሉ ቀስ ብለው። «ድናለች። እንግዲህ ሰሚ የለኝም።»

«እኔ እየሰማሁ ነው፣ አቦሓጎ» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮ ጀምሮ።»

በዱላቸው ተደግፈው ሲነሱ የሚሄዱ መስሎኝ ከፋኝ። በርጩማቸውን አንስተው፣ ጀርባቸውን ለባዝራዋ ሰጥተው፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ ተረቱንም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።

አክስቴ ሉናን ለብዙ ዓመታት ጋልባታለች። እኛም ውሎ አድሮ ከአስመራ ወጣን፤ አቦሓጎ እዚያው አርፈው ተቀበሩ። ከነገሩኝ ተረቶች አብዛኛው ጠፍቶብኛል፤ የዚያን ምሽቱን እንኳ ስለ ማን እንደነበር ብጠየቅ እርግጠኛ ሆኜ መመለስ አልችልም። የማስታውሰው ዓይናቸውን ነው፤ በየመሃሉ ቀና እያሉ ያዩኝ ነበር። ያኔ ለእኔ ብለው የሚያጫውቱኝ መስሎኝ ኮርቼ ነበር። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ልጆቼም አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ፣ ያን ምሽት ጨዋታው ያስፈለገው ለማን እንደነበር ይገባኛል።