በሰበታ ጭቃ የሠራሁት ፕሮቲን

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስወጣ ሰበታ ተመደብኩ፤ ለዓይነ ስውራን ልጆች ሳይንስ እንዳስተምር። ቅር ብሎኝ ነበር። ለእኔ የሚመጥነኝ ትልቅ ላቦራቶሪ ነው ብዬ አምን ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ የውጭ አገር መምህሬ ትተውልኝ የሄዱት አንድ የሳይንስ መጽሔት ነበር፤ ሰበታ ውስጥ እሱን ያነበብኩ እኔ ብቻ በመሆኔ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

መጽሔቱ የሚያወራው ባክቴሪያን ስለሚያጠቃ ቫይረስ ነው። የቫይረሱ ትእዛዝ የተጻፈው አር ኤን ኤ በሚባል ረጅም ክር ላይ ነው፤ ባክቴሪያው ክሩን እያነበበ ፕሮቲን ይሠራል። የቫይረሱ ልባስ የሚሆነው ፕሮቲን ሲበዛ ግን ከክሩ ላይ አንዲት ቦታ ለይቶ ይጣበቅና ሌላው ትእዛዝ እንዳይነበብ ይዘጋል።

ይህን ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሳልኩ። አዎ፣ ሰሌዳ ላይ። በመጨረሻ አንዲት የቡራዩ ልጅ እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ ጠመኔው ሲፋጭ ይሰማናል። ምን እየሳሉ ነው?"

ፊቴ ሲቀላ አለማየታቸው ብቻ አጽናናኝ።

ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ጭቃ ለመንኩ። ክሩን ከሽቦ ሠራሁት፤ አንድ ቦታ ላይ ወደ ራሱ ታጥፎ ጫፉ ላይ ቀለበት አለው። ከጭቃው ደግሞ ያንን እጥፋት የሚያቅፍ ጎድጓዳ ቦታ ያለበት ፕሮቲን ሠራሁ። ሰኞ ልጅቷ ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችውና፣ "ፕሮቲኑ የሚይዘው እዚህ ጋ ነው፤ ሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው" አለች። እኔ መጽሔቱን ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው እዚያ የደረስኩት። ቀጥላ ጭቃውን ሞከረችው።

"አይገባም፣ ጋሼ።"

"እኔ ራሴ ነኝ የሠራሁት። ይገባል።"

"በዓይንዎ ለክተውት ይሆናል" ብላ፣ ገና በደንብ ያልደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ገባ።

በሳምንቱ ገበሬ አባቷ ሊጠይቋት መጡ። "አካም ጅርታ" ብለው ጨበጡኝ። ልጅቷ እጃቸውን ይዛ ሽቦውንም ጭቃውንም እያስዳሰሰች በኦሮምኛ አስረዳቻቸው፤ እኔ ከወሰድኩት ጊዜ ሩቡን አልፈጀባትም። እሳቸውም ጥቂት አስበው ወደ እኔ ዞሩ።

"እሺ፣ ያዘው፤ ተዘጋ። ታዲያ የሚያስለቅቀው ማን ነው?"

መጽሔቱ ላይ አልነበረም።

"ተመራማሪዎች እየሠሩበት ነው፣ ኦቦ" አልኩ ኮስተር ብዬ።

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"አይዞህ ልጄ፤ ገና ወጣት ነህ።"