የአክስቴ ጉልበት ድምፅ

አክስቴ የሕንጻ ደረጃ አጣቢ ናት። ከእሷ በፊት እናቷ፣ እኛ እማማ የምንላት፣ ያንኑ ደረጃ ታጥብ ነበር። ሥራውንም ጉልበቱንም ወረሰች እያልን እንቀልድባታለን። እማማ በሕይወት እያለች ደረጃ ስትወጣ ቀኝ ጉልበቷ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ነበር። የአክስቴም ልክ እንደዛው ሆነ።

የምንኖረው እዛው ሕንጻ ላይ፣ መጨረሻው ፎቅ ነው። አያቴ አባባ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ከአልጋ አይወርድም። እማማ ከሞተች ወዲህ ምግብ እንቢ ብሎ ነበር። አንድ ቀን ግን አክስቴ ሾርባ ይዛ ስትወጣ ጉልበቷን ሰማና ፊቱ በራ።

«አንቺዬ፣ መጣሽ? ዛሬ ደግሞ ጨው እንዳትረሺ።»

አክስቴ «እኔ ነኝ አባዬ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። በማንኪያ አበላችው። ሙልጭ አድርጎ በላ። ከዚያ ወዲህ የሚበላው እንደዛ ብቻ ሆነ። እኔ ሳቀርብለት «ሂጂ ወዲያ፣ አያትሽ ትመጣለች» ይለኛል።

የጉልበቷ ሕመም ግን አክስቴን ባልዲ እንኳ አላስነሳት አለ። ፋርማሲ ወሰድኳት። ባለሙያዋ ግሉኮሳሚን የሚባል እንክብል አወጣችልን።

«መድኃኒት አይደለም እናቴ። ሰውነትዎ ራሱ የሚሠራው ነገር ነው፣ መገጣጠሚያዎ ውስጥ አለ። አንዳንዱን ሰው ይረዳዋል፣ አንዳንዱን ምንም አያደርገው።»

«የገዛ ጉልበቴን ነዋ መልሰሽ የምትሸጪልኝ» አለቻት አክስቴ።

እንክብሉ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም፣ እየቆየ ሕመሙ ለቀቃት። ድምፁም አብሮ ጠፋ። ደስታችንን ሳንጨርስ አባባ ሾርባው አፉ ጋ ሲደርስ ደነገጠ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«እናትሽስ?»

ማንኪያውን መልሳ አስጠጋችለት። ከንፈሩን ገጥሞ ወደ ግድግዳው ዞረ። በማግስቱም እንደዛው። ጉንጩ እየገባ፣ አጥንቱ እየወጣ ሄደ።

አክስቴ እንክብሉን ተወችው። ሆን ብላ እግሯን እየጣለች፣ ጉልበቷን እያጣመመች ደረጃውን ትወጣለች። ምንም የለም።

«እንደ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ሲፈልጉት አይገኝም» አለችኝ። አልሳቀችም ግን።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ «በሞቴ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ» እያለች ትለምነዋለች። እኔ መስኮቱ ጋ ልብስ አጥፋለሁ። በሩ ክፍት ነው። አባባ ድንገት እጁን አንስቶ ዝም አሰኘን።

ከታች፣ ከደረጃው፣ ቀጭ አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ቀጭ።

አክስቴን አየኋት። እግሯ ምንጣፉ ላይ ነው፣ አልተንቀሳቀሰም። እሷም እኔን አየችኝ።  ድምፁ እየቀረበ መጥቶ በራችን ላይ ሲደርስ ቆመ። ደጃፉ ላይ ማንም አይታይም።

«ምን አስቆየሽ አንቺዬ» አለ አባባ። አፉን ከፈተ። አክስቴ አበላችው።

አሁን ይበላል። አክስቴም እንክብሏን እንደገና ጀምራለች። ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ግን ባልዲዋን ወደ ግድግዳው ታስጠጋለች፣ እርጥቡ ደረጃ ላይ ደረቅ ጨርቅ ታነጥፋለች፣ ከዚያ ቀና ሳትል አንገቷን ደፍታ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለውን ታሳልፋለች።