መርዶ ያልደረሳቸው

እትዬ ጽጌ ጠዋት ጠዋት ከለንደኑ ኪልበርን ሰፈር በአውቶቡስ እየሄዱ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሴል ሲመግቡ ነው የሸበቱት። ሴሎቹ በፈረንጆቹ 1951 ከአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ዕጢ፣ ሳትጠየቅ የተወሰዱ ናቸው። እናትየዋ በዚያው ዓመት ሞተች። የፖሊዮ ክትባት የተፈተነባቸው ሴሎቿ ግን ዛሬም በብልቃጥ ውስጥ ይባዛሉ።

«አሜዚንግ እኮ ናቸው!» አለች ለንደን ተወልዳ ያደገችው ተማሪ ቢታንያ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ። «እትዬ፣ እሷ ሞታ እነሱ እንዴት ይኖራሉ?»

እትዬ ጽጌ ብልቃጡን አነሱ። እሳቸው በስደት ለንደን በገቡ በዓመቱ እናታቸው አዲስ አበባ አረፉ። ዘመድ አዝማድ ደግ የሠራ መስሎት፣ «በሰው አገር ብቻዋን ሰምታ ምን ይውጣታል» ብሎ መርዶውን ደበቀ። ስልክ ሲደውሉ «ጸበል ሄደዋል» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ያምናሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሞተች እናት ሹራብ ላኩ። በሰው ሠርግ ጨፈሩ፤ ወፈሩም።

«መርዶ የነገራቸው የለማ፣ ልጄ» አሉ፣ የብልቃጡን ክዳን ቀስ አድርገው እየገጠሙ። «እኔም ሳልሰማ እንዲህ አምሮብኝ ነበር።»