ለብቻዬ ያስቀመጥኩት ሳህን

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ባለቤቴ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር በተወሰደበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁም። እንደ እኔ በገዛ አካሉ የተሸበረ ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ያኔ የምንኖረው ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ ነበር። ዛሬ ፎቅ የቆመበት ቦታ ሁሉ የጤፍ ማሳ ነበር። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ሰላም ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ትንሹ ዮናስ ጡት ከጣለ ገና ነው። ባለቤቴ ታደሰ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከነመኪናው ነው የወሰዱት።

በፍልሰታ ጾም አንድ ጠዋት የሰላምን ፀጉር ስሠራ ጣቶቼን ነዘረኝ። ተኝቼበት ይሆናል ብዬ እጄን አራገፍኩት። በማግሥቱ ወደ ክንዴ ወጣ። ቀጥሎ እግሬን፣ ቀጥሎ የከንፈሬን ዙሪያ። ሕመም የለውም። ከቆዳዬ ሥር ጉንዳን እንደሚሄድ ያለ ነገር ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሲፈልግ ደግሞ ይሰነብታል።

ሌላ ሰው ደም ማነስ ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። እኔ ግን ትውልዴ ቡልጋ ነው፤ በልጅነቴ አክስቴን አይቻለሁ። አክስቴም በመጀመሪያ ያለችው «እጄን ደነዘዘኝ» ነበር። በኋላ ከማሳው ዳር ጎጆ ቀለሱላት። ምግቧን ድንጋይ ላይ አስቀምጠን እንሸሻለን፤ ስንርቅላት መጥታ ታነሣለች። የበሽታውን ስም በቤታችን ማንም አይጠራም ነበር። «ያ በሽታ» ነው የሚባለው።

ያ በሽታ ያዘኝ አልኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጣቶቼን በመርፌ እወጋለሁ። ሲያመኝ ደስ ይለኛል፤ ደስታው ግን እስከ ምሳ አይቆይም፤ እንደገና እወጋለሁ። ፀሐይ ላይ ወጥቼ ክንዴን አገላብጣለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ቅንድቤ ሳስቶ እንደሆነ አያለሁ። መሥሪያ ቤት ፋይል ሳወጣ እንኳ ወረቀቱ ለጣቴ ይታወቀው እንደሆነ ቆሜ እፈትናለሁ።

የምፈራው ለራሴ አልነበረም። አባታቸው ጦር ሜዳ ነው። እኔም እንደ አክስቴ ብወጣ ልጆቼ በማን እጅ ይቀራሉ? ብቀርስ፣ ባስይዛቸውስ?

ስለዚህ ሳህኔን ለየሁ። ብርጭቆዬንም። አልጋውን ለልጆቹ ትቼ መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጋሁ። ማጉረስም አቆምኩ። ዮናስ እንደለመደው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ እኔ ማንኪያ አነሣለሁ። ማንኪያውን በምላሱ ይገፋዋል።

ሰላም ትመለከተኛለች።

«እማዬ፣ ተጣላሽን እንዴ?»

«አልተጣላሁም።»

«ታዲያ ለምን አታጎርሽንም?»

«አድገሻላ።»

«ዮናስስ?»

ተነሥቼ ሳህኔን ማጠብ ጀመርኩ።

ጎረቤቴ አስካለ ደግሞ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ገባችና ሳህኔን አየችው። «ምነው እመቤት፣ ልጆችሽን ከገበታ ለየሻቸው? መነኮስሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ሆዴን ያመኛል» አልኳት።

«ሆድሽን ከሆነ ዳማከሴ ጨምቀሽ ጠጪ። ባልሽን ከሆነ ግን አልቅሺና ይውጣልሽ።»

አላለቀስኩም። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያም ቢሆን የፈራሁትን አልተናገርኩም፤ መሥሪያ ቤቴ ይሰማል፣ ቀበሌው ይሰማል ብዬ። «ይነዝረኛል» ብቻ አልኩ። ሐኪሙ ልቤን አዳምጦ «ጭንቀት ነው» አለኝ። በዚያ ዘመን ያልተጨነቀ ሰው እንደነበረ ቢያሳየኝ ደስ ባለኝ። ቫይታሚን አዘዘልኝ። «ጾሙንም ቀነስ አድርጊ» አለ።

«ቫይታሚኑን እወስዳለሁ፤ ጾሙን አልቀንስም» ብዬ ወጣሁ።

ጠበል ተጠመቅኩ። ለእመቤታችንም ተሳልኩ፤ ለኅዳር ጽዮን ዳቦ አመጣለሁ ብዬ።

ቀኑ ሲደርስ ዳቦውን አስካለ ናት የጋገረችልኝ። እኔ ሊጡን ላለመንካት ስል እጄን ወለም ብሎኛል አልኳት። ልጆቹን እሷ ዘንድ ትቼ፣ በነጠላ የተጠቀለለውን ዳቦ በእንቅብ አድርጌ ማርያም ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ባርከው ቆረሱት፤ ለነዳያንና ለመጣው ሰው ሁሉ ታደለ። ሰው በየጥላው ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። እኔ ከማንም ጋር ላለመቀመጥ ወደ በሩ ወጣሁና ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ።

እዚያ እማማ የሺ ነበሩ። በዚያ በር ስንገባና ስንወጣ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ጣቶቻቸውን ያ በሽታ ጨርሷቸዋል። ግራና ቀኛቸው እንደ ሁልጊዜው ባዶ ነበር።

«በዓል የመጣ ሰው ቆሞ አያይም፤ ተቀመጪ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«እማማ፣ እርስዎን እንዴት ነው የጀመረዎት?»

ወዲያው ደነገጥኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ምኑ?»

«ይሄ…»

«ስም አለው እኮ። ቁምጥና በይው፤ አይነክስሽም። ምነው፣ ያዘሽ?»

«መሰለኝ።»

«እስቲ እጅሽን።»

ሰጠኋቸው። ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው አገላብጠው አዩት።

«ምን አለው?»

«ይነዝረኛል።»

«የኔ እንዲያ አልነበረም። ያንቺን አላውቅም፤ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም ዘንድ ሂጂና ስሙን ጠርተሽ ጠይቂው። ቤትሽስ ምን አሉ?»

ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳህኑን፣ ፍራሹን፣ ማንኪያውን። ማኘካቸውን አቆሙ።

«ቆይ፣ ቆይ። ማን አስወጣሽ?»

«ማንም።»

«የባልሽ ዘመዶች?»

«አያውቁም።»

«ጎረቤት?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ ማን ነው ያስወጣሽ? እኔን ለማስወጣት እኮ አገር ነው የተሰበሰበው። ባሌ፣ ወንድሞቼ፣ ሽማግሌው፣ ጭቃ ሹሙ። አልወጣም ብዬ የበሩን መቃን ይዤ ነው የጎተቱኝ። አንቺ ማንም ሳይነካሽ፣ ራስሽ ጎትተሽ፣ ራስሽ ወጣሽ?»

እጄን ከነጠላዬ ሥር አስገባሁ።

«በሽታው እኔን ከለቀቀኝ ስንት ዘመኑ። መድኃኒቱን ውጬ ድኛለሁ። ሰው ነው ያለቀቀኝ። አንቺ ደግሞ ሰው ሳይይዝሽ…» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን አለብኝ ነው የምትይው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጉረሺ።»

ከዳቦው ቆርሰው በሁለቱ መዳፎቻቸው መካከል ይዘው ወደ አፌ አመጡት። እኔ ወደ ኋላ አልኩ።

እማማ የሺ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«አየሽ! ካለብሽ ምን ቀረሽና ትሸሻለሽ? ያለበት ሰው ከኔ እጅ ይሸሻል? የሸሸሽው እንደሌለብሽ ልብሽ ስለሚያውቅ ነው።»

ፊቴ ጋለ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። በእሳቸው አልነበረም። ከፍልሰታ ጀምሮ እንደ ጌታ ሲያዘኝ በከረመው ነገር ነበር። ሳህን ለዪ አለኝ፤ ለየሁ። መሬት ተኚ አለኝ፤ ተኛሁ። ልጅሽን አትንኪ አለኝ፤ አልነካሁም። እንዲህ አድርጌ የታዘዝኩት ለማን ነው? ስሙን እንኳ ለማላውቀው ንዝረት። እኔ የምታዘዝለት ጌታ አለኝ፤ እሱ ልጆችሽን አትንኪ አላለኝም።

አማተብኩና አፌን ከፈትኩ። አጎረሱኝ።

«አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ። ዳቦው ጣፋጭ ነበር፤ አስካለ ጥቁር አዝሙድ አብዝታበታለች።

«በይ ደግሞ አንቺ አጉርሺኝ» አሉ። «በዚያ ነዘረኝ ባልሽው እጅ።»

ያን ጊዜም እየነዘረኝ ነበር። እስከ ክርኔ። ቆረስኩና አጎረስኳቸው። ለእሳቸውም ደገምኩ።

«እሰይ» አሉ እያኘኩ። «እዚህ በር ላይ ስቀመጥ ያጎረሰኝ የለም ነበር። በይ ሂጂ፣ ልጆችሽ ይራባሉ።»

ከአስካለ ቤት ልጆቹን ወሰድኩና ምሳ አቀረብኩ። ሦስታችን ከአንድ ትሪ። ዮናስ አፉን ከፈተ፤ አጎረስኩት። ሲያኝክ ጣቴን ይዞ አልለቅም አለ። ሰላም ተራዋን ጠበቀችና ጎርሳ፣ አፏ እንደሞላ፣ «ታረቅሽን?» አለችኝ።

«ታረቅኩ።»

ያኔ አለቀስኩ። አስካለ ቤቷ ሆና ሰምታ «እሰይ፣ ወጣላት» አለች አሉ።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ተመለስኩ። ያው ሐኪም ነበር። የበሽታውን ስም ጠርቼ፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ «ይህ አለብኝ ወይ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። በጥጥ ዳሰሰኝ፣ በመርፌ ነካካኝ፣ ክርኔንና አንገቴን ጫን ጫን አድርጎ መረመረኝ።

«የለብሽም» አለ።

«ታዲያ ይህ የሚነዝረኝ ምንድን ነው?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አላውቅም» አለኝ። ቢብስብኝ እንድመለስ ነገረኝ።

በዚያ ዓመት ከሰማሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ቃል ነው። እሱ አላወቀውም፣ እኔም አላወቅኩትም፤ ፈጣሪ ግን ያውቀዋል። ላላወቅነው ነገር ደግሞ ቤቴን አላስረክብም።

ፍርሃቱ በአንድ ጊዜ ለቀቀኝ ብል ግን ዋሸሁ። ይመለሳል። መሥሪያ ቤት ተቀምጬ «መርፌውን አምጪ» ይለኛል። «አላመጣም» እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ጮክ ብዬ ስለምናገረው ባልደረቦቼ ዞረው ያዩኛል። አንድ ቀን በውይይት ክበብ መሐል አምልጦኝ «አላመጣም» አልኩና ካድሬው «ምኑን ነው የማታመጪው ጓድ?» ብሎ አፋጠጠኝ። «መርፌ» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱም ምን እንደሚለኝ ጠፍቶት ወደ አጀንዳው ተመለሰ።

ያወጣሁት ዘዴ ይህ ብቻ ነው፦ የነዘረኝን እጅ ሥራ አስይዘዋለሁ። ቀኙ ከሆነ በቀኙ፣ ግራው ከሆነ በግራው። እግሬን ከሆነ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ጸሎቴንም ቀየርኩ። «አንሣልኝ» እል ነበር፤ «ሥራዬን እንዳያስጥለኝ አድርግ» አልኩ።

እማማ የሺ ዘንድ በየወሩ በማርያም ቀን እቀመጥ ነበር። አስካለም ከጊዜ በኋላ መጣች፤ መጀመሪያ ራቅ ብላ ነው የተቀመጠችው። እማማ የሺ «ይቺ ደግሞ ምኗን ነው የሚነዝራት?» ብለው ጠየቁኝ። «ምላሷን» አልኳቸው። አስካለ እየሳቀች ቀረበች። እማማ የሺ ያረፉት ደርግ ከመውደቁ በፊት ነው። ስንቀብራቸው ብዙ ሰው አልነበረም። ልጆቼ ግን ነበሩ።

ባለቤቴ በሕይወት ተመለሰልኝ። ለዚህ የማመሰግንበት ቃል የለኝም።

አሁን የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጆቼ አድገው ወልደዋል። በየጊዜው አዲስ ምርመራ መጣ እያሉ ይወስዱኛል። ማሽን ውስጥ አስገብተውኛል፤ ደሜን ቀድተውታል። «ምንም አላገኘንም» ይላሉ። «እኔም ድሮ አላገኘሁትም» እላቸዋለሁ። ሕክምናን አልንቅም፤ ሐኪም ጠራሽ ከተባልኩ እሄዳለሁ። ፈርቼ ግን አልሄድም።

ከዚያ ዘመን የቀረኝ ቁጭት የለም። በልጆቼ ላይ ክፉ ሳይደርስ ከመሬት ያነሣችኝን ሴት በሩ ላይ ላስቀመጠልኝ አምላክ ምስጋና ይግባው።

ዛሬ ጠዋትም መጣ። የልጅ ልጄን ገላዋን እያጠብኩ ነበር። እሱ ነዘረ፤ እኔ አጠብኩ።

እመቤት፣ ከቦሌ አራብሳ