ፓስወርዱን ሲጠይቁኝ

ዘመሮ ከተማ ውስጥ፣ ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ነው የወሰዱኝ። የስነ ዜጋ መምህርት ነበርኩ። የፖሊስ ጣቢያው ማረፊያ ክፍል መስኮት የለውም፤ የጭቃው ግድግዳ ሽንትና እርጥብ አፈር ይሸታል። ሌላ ሴት ታሳሪ ስላልነበረ ብቻዬን ቆለፉብኝ። ብርዱ ከወለሉ ተነስቶ አጥንቴ ይገባል። ደጅ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይል ነበር።

ጥፋቴ ይህ ነው። ምርጫ ሲቃረብ የከተማው ወጣቶች፣ "ምን ብለን እንመዘገባለን? ውጤቱ የታወቀ ነው" ይሉ ነበር። እስቲ መምረጥን ይልመዱት ብዬ ኢንተርኔት ላይ አንድ ጥያቄ ለጠፍኩ፦ "ምርጫው በስልክ ቢሆን ማንን ትመርጡ ነበር?" ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥቶ የመለሰም አለ። ማን ምን እንደመረጠ የሚታየው በእኔ ስልክ ብቻ ነው። ስልኬ አሁን መርማሪው እጅ ገብቷል።

ምሳ ያስገባልኝ ወጣት ፖሊስ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነበር። ሰሃኑን አስቀምጦ አልወጣም።

"ቲቸር፣ እኔም መርጫለሁ" አለኝ በሹክሹክታ።

"አይቼዋለሁ።"

"ባለቤቴ አራስ ናት" አለና ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ከንፈሩ ደርቋል። በራሴ ፍርሃት ላይ የእሱ ተደረበብኝ።

ብዙም ሳይቆይ ተጠራሁ። መርማሪው ፊት ያቀረበኝ ያው ልጅ ነው፤ በሩ ላይ ቆመ። መርማሪው ድምፁን የማያነሳ ጎልማሳ ነበር። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው።

"ክፈቺውና ቤትሽ ግቢ። የምንፈልገው አንቺን አይደለም።"

ከዛቻ ይልቅ ይህ አስፈራኝ። ሆን ብዬ የተሳሳተ ፓስወርድ ጻፍኩ። ደገምኩ። ስልኩ እስኪቆለፍ ደጋገምኩ።

"ረሳሽው?"

አዎ ማለት እችል ነበር።

"አልረሳሁትም። ድምፅ ምስጢር ነው ብዬ አስተምሬያለሁ።" የተናገርኩት ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

"ምን አልሽ?"

ደግሜ ነገርኩት። በጥፊ መታኝ፤ ጆሮዬ ጮኸ። ስመለስ ልጁ ክንዴን አልያዘኝም። ከኋላዬ ተከተለኝ።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ ተፈታሁ። ሥራዬንም ስልኬንም አልመለሱልኝም። በዚያ ጉዳይ ግን ሌላ ሰው አልታሰረም።

ዛሬ የእህቴ ልጅ፣ "ምርጫ በስልክ ቢሆን እኮ ወጣቱ ሁሉ ይመርጣል" ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ያን ቀን ባየው እኔም ደስ ይለኛል። "ስልኩን ሌላ ሰው ቢይዘውስ?" እላታለሁ። እሷ ትስቃለች። እኔ መልሷን እጠብቃለሁ።