ስምንት እግር ያላት ነጥብ

ልጆቹ በተሰበሰቡ ቁጥር «እማማ፣ የዚያችን ትንሽ ፍጥረት ነገር ንገሪን» ይሉኛል። ስለ ድሮ ሰርግ ባወራቸው እመርጥ ነበር፤ እነሱ የሚፈልጉት ግን ይህንኑ ነው። እንግዲያው ልንገራችሁ።

ቤቴ ቸሃ ነው፤ ነገር ግን ቤቴ ብዙም አልገኝም። ሴቷ ልጄ ወልቂጤ ናት፣ ወንዱ ቡታጅራ ነው፣ እንሴኖም የገበያ ወዳጆች አሉኝ። አንዱ ጋ ሁለት ሳምንት ከቆየሁ አላስችል ይለኛል፤ ተነስቼ ሌላው ጋ እሄዳለሁ። ባዶ እጄን ግን ሄጄ አላውቅም። ቆጮም ይሁን እንቁላል፣ ከእንሰቱ ሥር የደረቀ ቅጠሉን፣ ኮባውን፣ አንስቼ እጠቀልልበታለሁ፣ በቃጫ አስራለሁ፣ መንገዴን እቀጥላለሁ።

የወልቂጤዋ ልጄ፣ ሴት ልጅ አለቻት። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች። ለመመረቅ አንድ ጽሑፍ መሥራት አለባት፤ እሱ ካልተሳካ ጋውን መልበስ የለም። ጽሑፏ ድንጋይ ላይ እንደ ፀጉር ለስልሶ ስለሚበቅለው አረንጓዴ ነገር ነበር። እሷ ሞስ ትለዋለች። እኔ ስም ልሰጠው ቀርቶ ልብ ብዬም አይቼው አላውቅም።

«ሞሱን አይደለም የምፈልገው፣ እማማ። ውስጡ የሚኖሩትን ነው» አለችኝ።

«ምን ይኖራል እዚያ ውስጥ?»

«የመዥገር ዘመዶች። ማይት ይባላሉ።»

«መዥገር ከሆነማ ላሞቹ ላይ ሞልቷል፤ ድንጋይ ለድንጋይ ምን ያንከራትተኛል?»

«እነዚህ ደም አይጠጡም፣ የበሰበሰ ቅጠል ነው የሚበሉት። በቃ ከምንጩ አጠገብ ካለው ትልቁ ድንጋይ አምጪልኝ።»

ከቤቴ ዝቅ ብሎ ያለው ያ ድንጋይ ፀሐይ አይነካውም። ሞሱን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጌ፣ እንደ ልማዴ በኮባ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ረዳቱ ጥቅልሉን አይቶ «እማማ፣ ቆጮ ይዘዋል?» አለኝ።

«አይ፣ የድንጋይ ፀጉር ነው።»

«ታዲያ ድንጋዩን መላጣ አድርገውት መጡ?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ።

ልጅቷ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጣ ዘቅዝቃዋለች። ከላይ የሻይ ማጥለያ አለ፣ ከሥር አልኮል ያለበት ብልቃጥ። ሞሱን ማጥለያው ላይ አድርጋ አምፖል አበራችበት። ፍጥረቶቹ ሙቀቱን ሲሸሹ ወደ ታች ይወርዱና ብልቃጡ ውስጥ ይወድቃሉ። እናቷ ጴንጤ ናት፤ ብልቃጡን አሸተተችና «በጌታ ስም! ቤቴ ውስጥ አረቄ?» አለች።

«ለእኛ አይደለም፣ ለመዥገሮቹ ነው» አልኳት።

«እነሱስ ቢሆኑ!»

መብራት እየሄደ እየመጣ አራት ቀን ፈጀ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ወስዳ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። በባዶ ዓይን ነጥብ ነበረች። በዚያ መስታወት ግን የተወለወለ ጨሌ መሰለችኝ፣ ቡናማና ጠንካራ። እግሯ ስምንት ነው። ከትከሻዋ ግራና ቀኝ እንደ ነጠላ ጫፍ የሚወርድ ነገር አላት፤ እግሯን ሰብስባ ትከልልበታለች። ራሷ ላይ ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፣ ከእያንዳንዱ አንዳንድ ፀጉር ወጥቷል፤ ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ወፈር ያለ ነው። የአየሩን እንቅስቃሴ የምታውቀው በእነሱ ነው አሉ። ገልብጣ ስታሳየኝ ደግሞ ሆዷ ላይ፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ፣ እንደ መስኮት የሚከፈቱ ሁለት በሮች አየሁ።

«የምን በር ነው ይሄ?»

«የፊተኛው እንቁላል የሚወጣበት ነው፤ የኋለኛው ደግሞ… ኧረ እማማ፣ ሰው ይሰማል!»

«አንቺ ነሽ ያሳየሽኝ።»

ነጣ ያሉ፣ ስድስት እግር ብቻ ያላቸውም ነበሩ። «እነዚህማ ልጆች ናቸው፤ መዥገርም ሕፃን ሳለ እግሩ ስድስት ነው» አልኳት፣ ትልቅ ነገር የነገርኳት መስሎኝ። «አውቃለሁ፣ መጽሐፉ ላይ አለ» አለችኝ።

እነዚህ ነገሮች በመልክ ብቻ አይለዩም። የፀጉሩ ጫፍ ይታያል፣ የጀርባው ፀጉር ይቆጠራል፣ እግሩ ጫፍ ላይ ያለው ጥፍር አንድ ይሁን ሦስት ይጣራል። ልጅቷ ስትቆጥር ሰነበተችና ሁሉንም በየወገኑ አስቀመጠች። ባለ ክብሪት ፀጉሯ ግን መጽሐፉ ውስጥ ወገን አጣች። መምህሯ ፍጥረቷን ተመለከታት። «አንዴ መገኘቷ አይበቃም» አላት። «ከዚያው ድንጋይ ደግማ ከተገኘች ጽሑፍሽ በእሷ ላይ ይቆማል። ካልተገኘች አውጥተሽ ትጥያታለሽ፤ የቀረው ደግሞ ለመመረቂያ አይሆንም።» ሞሱም በአዲስ ፌስታል ይምጣ ብሎ አዘዘ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በፌስታል አመጣሁ። አምፖሉ በራ፣ ሌሎቹ ወረዱ፣ እሷ ግን የለችም። ልጅቷ ምሳ አልበላም አለች፣ እራትም። በማግስቱ ለምና ለምና አንድ የመጨረሻ ዕድል ተሰጣት።

እኔም ዞሬ ዞሬ ቸሃ ተመለስኩ። የተሰጠኝን ፌስታል ግን እንሴኖ ገበያ ላይ በርበሬ ገዝቼበት ነበር። ስለዚህ ሞሱን በኮባ ጠቀለልኩት። ወልቂጤ መናኸሪያ ስወርድ ትዝ አለኝ። ልጅቷ ትቆጣኛለች ብዬ ከአንዲት ሱቅ አዲስ ፌስታል ገዛሁ፣ ሞሱን ገለበጥኩበት፣ ኮባውን ጣልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ምን የሚወራ አለው?

ተገኘች። አንድም አይደለች፣ አራት ሆና። ልጅቷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። መኖሪያዋ «ምንጭ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ያለ ሞስ» ተብሎ ተጻፈ፤ ጽሑፉም አለፈ። የምረቃው ፎቶ ልጄ ሳሎን ተሰቅሏል። ልጅቷ ጋውን ለብሳለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ወደ ሌላ ቦታ አያለሁ።

ዓመታት አለፉ። አሁን ቡታጅራ ታስተምራለች። በቅርቡ እንቁላል ይዤላት ሄድኩ፣ በደረቀ ኮባ። እንቁላሉን አወጣችና ኮባውን አልጣለችም፤ «ደረቅ ቅጠል ውስጥ ምን እንደሚኖር ለተማሪዎቼ ላሳይበት» ብላ ይዛው ሄደች። ከቀናት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ፊቴ ቆመች።

«እማማ፣ ያን ጊዜ የመጨረሻውን ሞስ በምን ነበር ያመጣሽው?»

ነገርኳት። በርበሬውን፣ መናኸሪያውን፣ የጣልኩትን ኮባ፣ ሁሉንም። አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች። «ያቺው ባለ ክብሪት ፀጉሯ ከእንቁላሉ ኮባ ውስጥ ወጣች። መምህሬ የፈራው ይህንኑ ነበር» አለች። «ስህተቱን ልጽፍለት ነው» አለችኝ።

እኔም ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ያቺ ፍጥረት ድንጋዩ ላይ ኖራ አታውቅም። ቤቷ ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ስጠቀልልበት የኖርኩት ደረቅ ኮባ ነው።